የክሊም ውሃ እና የሐጂ ታክሲ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አንዲት ታክሲ ልትሞት ስትል፣ ከሰው ቤት ግድግዳ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ለቅሜ አድኛታለሁ። አውቃለሁ፣ አታምኑኝም። ባለቤቴም አላመነችኝም፤ እሷ ደግሞ ጀሪካኑን ተሸክሜ ስመጣ በዓይኗ ያየችኝ ሰው ነች።

ስለ እኔ መጀመሪያ ራሴው ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ከነገራችሁ ያሳንሰኛል። ከትምህርት ቤት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ የመኪና ሆድ ነው። ሰው በጀርባው ተኝቶ ኮከብ ሲቆጥር እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ብሎን ስቆጥር ነው ያደግኩት። አስተማሪ የለኝም፣ ዲፕሎማ የለኝም፤ ግን የመኪና ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምቼ ባለቤቱ መቼ ዘይት እንደቀየረ እነግራችኋለሁ። ሁልጊዜ አልሳሳትም ማለቴ አይደለም። ስሳሳትም በልበ ሙሉነት ነው።

ጅቡቲ የመጣሁት የድንበሩ ጦርነት ተነስቶ የአገራችን ዕቃ በሙሉ ወደዚህ ወደብ የዞረ ጊዜ ነው። ካሚዮኖቹ ባዷቸውን ይወርዱና ሞልተው ይመለሳሉ። እኔን ያመጣኝም ባዶ ነበር። ኬላ ላይ ምን ጭነሃል ሲሉት ሹፌሩ አንድ ወሬኛ ብቻ ብሎ አለፈ። ፔካ 12 የሚባል የካሚዮን ማቆሚያ አወረደኝና እዚያው ካሚዮን ማጠብ ጀመርኩ። ጥቂት ዓመት ቆይቼ ከተማው ውስጥ ቡላኦስ የሚባል ሰፈር ገባሁ፤ ከገበያው ጀርባ የቆርቆሮ ጥላ ተከራየሁና መኪና አጥባለሁ፣ ሆዱን ከዝገት እከላከላለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ዝገት ካላችሁ ጅቡቲ ነው አገሩ። እዚህ ባሕሩ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ በአየር ይመጣል። ማታ ንፁህ አድርገህ ያቆምከው መኪና ጠዋት መስታወቱ ላይ ነጭ ነገር ተረጭቶበት ታገኘዋለህ፤ በጣትህ ብትስል ስምህን ትጽፍበታለህ። ሰው ሁሉ መኪና የሚበላው የበጋው ሙቀት ነው ይላል። እኔ ግን ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚበላው ብዬ የተናገርኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ፤ ሁለተኛም ካለ ከእኔ ሰምቶ ነው። ሙቀቱ ሲበርድ ጤዛ ይወርዳል። ከአሳል ሐይቅ ጨው የሚያመላልሱት ካሚዮኖች ደግሞ ከጆንያው ቀዳዳ መንገዱ ላይ እያራገፉ ነው የሚሄዱት። ጤዛውና ጨው አንድ ላይ ሲሆኑ አስፋልቱ ላብ እንዳላበው ይሆናል፤ ጎማው ያን ያነሳና መኪናው ሆድ ላይ ይረጨዋል። ከላይ ባሕር፣ ከታች መንገድ። መኪናው ምን ያድርግ?

እኔ መልስ ነበረኝ። መልሱን ከአገር ቤት ይዤው ነው የመጣሁት፤ ሬንጅ ነው። ሬንጅ አሞቃለሁ፣ የተቃጠለ ዘይት እጨምርበታለሁ፣ በናፍጣ አቀጥነዋለሁ፣ ከዚያ መኪናውን በክሪክ አንስቼ ሆዱን እንደ ግድግዳ እለስናለሁ። ሲደርቅ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የደንበኛውን ዓይን ይሞላል። የላዩን ቀለም ደግሞ ናፍጣ በነካ ጨርቅ እወለውልለታለሁ። የመጀመሪያው ቀን መስታወት ነው። በሁለተኛው ቀን አቧራው ካፖርት ያለብሰዋል፤ ያኔ ግን ደንበኛው ሄዷል።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ይዘው ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር የሚኖሩ። ከተማው ውስጥ ማንም ሳያውቀኝ ታክሲያቸውን ከጥላዬ ሥር አቁመው እስቲ የምትችለውን አሳየኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ለተሳፈረ ሁሉ ስለ እኔ ሲያወሩ ይውላሉ። በአማርኛ ያወራሉ፣ በሱማልኛ ያወራሉ፣ በአረብኛ ያወራሉ፣ ለፈረንጁም በፈረንሳይኛ ያወራሉ። እኔ በአራት ቋንቋ የታወቅሁት በሐጂ አፍ ነው። ዛሬ ድረስ ይህን ሳስብ ደረቴን ይሞቀኛል።

እንግዲህ አንድ ጊዜ፣ የሙቀቱ ወር ማብቂያ ላይ፣ ታክሲዋን ለሬንጅ አመጧት። ሦስት ጊዜ አጠብኳት፤ አራት ማዕዘኗን በጎማ ቱቦ ውሃ ረጭቼ፣ በብሩሽ ፈትጌ፣ እንደገና ረጭቼ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ሬንጅ አለበስኳት። ስጨርስ አፌ አላስቻለኝም፤ ሐጂ፣ ይቺ ታክሲ ከእርስዎ በኋላ ነው የምትሞተው አልኳቸው።

"ኢንሻአላህ በል አቦ" አሉኝ።

ኢንሻአላህ ምን ያደርጋል፣ እኔ እያለሁ ብዬ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ።

ዓመት ሞላ። እዚህ አገር መኪና በየዓመቱ ምርመራ ይቀርባል፤ አገር ቤት ለቦሎ እንደምንቀርበው ማለት ነው። ታክሲ ከሆነ ደግሞ ጠበቅ ይላል፣ ሰው ይጭናልና። መርማሪው ከታክሲዋ ሥር ገባ፣ ካቻቢቴውን አወጣ፣ የእኔን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሬንጅ ወጋ አደረገው። ካቻቢቴው እንደ ዳቦ እስከ እጀታው ገባ። ሌላ ቦታ ወጋ። እዚያም ገባ። አንድ ወር ሰጧቸው፤ በወሩ ካልተስተካከለች ታክሲነቷ ይቀራል ተባለ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሐጂ ነው። ሲመጡ ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ፣ ከሸሚዛቸው ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ከታክሲዋ ሆድ የወደቀ ቁራጭ ነው። በአንድ በኩል የእኔ ሬንጅ፣ እንዳማረበት አለ። በሌላው በኩል ብረቱ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። እኔ የመጣልኝን ነገር አደረግኩ፤ በምላሴ ነካሁት።

ጨው ነው።

ጨውን ከውስጥ ዘግቼባት ነበር ማለት ነው። ሬንጁ ከውጭ የሚመጣውን ከልክሎ፣ ከውስጥ ያለውን ደግሞ እንዳይወጣ በሩን ቆልፎ ሲያስበላት ከርሟል። ባላለብሳት ኖሮ የተሻለ ትከርም ነበር። ግን እኮ ሦስት ጊዜ አጥቤያታለሁ! ለሐጂም ይህንኑ ደጋገምኩላቸው፤ ሦስት ጊዜ አጥቤያታለሁ ሐጂ፣ አላህ ያውቃል አልኩ። እሳቸው ግን፣

"እኔ ዝገቱ አይደለም የሚያሳስበኝ" አሉኝ። "ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። በዚህ ዕድሜ ማንም መኪናውን አምኖ አይሰጠኝም። ይቺ ከወደቀች በር ላይ ወንበር አውጥቼ የሚያልፍ ሰው የምቆጥር ሽማግሌ ነው የምሆነው።"

ተነስተው ሄዱ። እኔ ያን ቁራጭ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ።

አሁን ከጥላዬ ጎን ስላለችው ሴት ልንገራችሁ። ልብስ ተኳሽ ናት። አያቷ ባቡሩ ሲሠራ የመጡ፣ እሷም እዚሁ የተወለደች፣ በዓለ ማርያምን በአማርኛ የምታከብር፣ ገበያ ላይ በሱማልኛ የምትከራከር፣ የቢሮ ሰዎችን ሸሚዝ እየተኮሰች ልጆቿን ያሳደገች። የእሷ ክፍልና የእኔ ጥላ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው። የምናገረውን ሁሉ ትሰማለች፤ ስለዚህ ከሁሉ ሰው ይበልጥ የምትስቅብኝ እሷ ናት። እኔም እህት ዓለም እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ መሃንዲሱ ትለኛለች። ስታመሰግነኝ እንዳይመስላችሁ።

ያን ቀን ግን ስትወጣ አልሳቀችም። ምን በሚባል ውሃ ነው ያጠብካት አለችኝ። በቧንቧ ውሃ፣ ታዲያ በምን ላጥብ፣ በጠበል? አልኳት። ና አለችኝ።

ክፍሏ ገባሁ። የልብስ መተኮሻዋ ጥቁር ብረት ላይ ከቧንቧ ውሃ በጣቷ አንድ ጠብታ አንጠባጠበች። ትስ አለና ደረቀ። ቦታው ላይ ነጭ ቀለበት ቀረ። ከዚያ ከወንበሩ ሥር ከነበረ ባልዲ ሌላ ጠብታ አደረገች። ትስ አለ፣ ደረቀ፣ ምንም የለም።

ነጩን ቀለበት በምላሴ ልነካው ስል እጄን መታችኝ፤ ብረቱ ግለቱ አልወጣለትም ነበር። ግን ገብቶኛል። የዚህ ከተማ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨዋማ ነው። ሻይ ስንጠጣበት እናውቃለን፣ ሰውነታችንን ስንታጠብበት እናውቃለን፣ የምንጠጣውን ለብቻ እንገዛለን። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መኪናውን ከጨው ላጥራ ብሎ ቱቦ ይዞ የጨው ውሃ ሲረጭ ይውላል። ቡላኦስ ያለን አጣቢዎች በሙሉ እንዲሁ ነበርን። እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ረጭቼ፣ በሬንጅ አሸግኩት።

ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃስ? መስኮቷ ላይ የተገጠመው አየር ማቀዝቀዣ፣ እዚህ ሰው በአጭሩ ክሊም የሚለው፣ ከጀርባው የሚያንጠባጥበው ነው። ከአየር የተጨመቀ ውሃ ስለሆነ ጨው አያውቅም። ለመተኮሻዋ የምትጠቀመው እሱን ብቻ ነው፤ የቧንቧውን ካደረገችበት ነጭ ፍርፋሪ እየተፋ የሰው ሸሚዝ ያበላሽባታል።

"እኔ ለሰው ሱሪ የማላደርገውን" አለችኝ፣ "አንተ ለሐጂ ታክሲ አደረግክ።"

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ በትክክል የተለካ ስድብ ግን አላገኘሁም። ለሰው ሁሉ በራሴ ነው የተማርኩት እላለሁ። ዕውነቱን ዛሬ ልጻፈው። ከሥራዬ ሁሉ ትልቁን ነገር ያስተማረችኝ መተኮሻ የያዘች ሴት ናት፤ ትምህርቱም አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

በማግስቱ ካርቲዬ ሁለት ሄጄ ሐጂን ታክሲዋን ስጡኝ አልኳቸው። ያበላሸሃትን ልታበላሽ ነው? ብለው ጠየቁኝ። ነገሩን ሁሉ፣ የብረቱን ቀለበት ሳይቀር፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ቁልፉን ሰጡኝ፣ ግን እሳቸውም አብረው መጡ። ላይህ እፈልጋለሁ አሉ።

መጀመሪያ ሬንጁን ማስለቀቅ ነበር። ሬንጅ መቀባት ደስታ ነው፤ ማስለቀቅ ቅጣት ነው። ከታክሲዋ ሥር ካርቶን አንጥፌ ተኛሁና በመፋቂያ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል ሐጂ ሽርጣቸውን ጠቅልለው ከጎኔ ተኝተዋል፣ እጃቸው ላይ የኩሽና ቢላ አለ። ሐጂ ይውጡ፣ ወገብዎ አልኳቸው። ወገቤ ሠላሳ ዓመት ከላይ ተቀምጦባታል፣ አሁን ከታች ይያት አሉኝ። አራት ቀን እንዲህ ጎን ለጎን ተኝተን ፋቅን። ስለ ድሬዳዋ አወሩልኝ፣ ስለ ባቡሩ፣ ታክሲዋን ስለገዙበት ቀን። የታክሲዋን ሆድ አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሰው የሚያበላውን ነገር ከሥር አያየውም አሉ። የበሰበሰውን ብረት አንድ ባትላሜራ ሠራተኛ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው። ቀሪው ሥራ ማጠብ ነው።

ለዚያ ደግሞ የክሊም ውሃ በበርሜል ያስፈልገኛል። የእህት ዓለም ክሊም በቀን የሚሰጠው አንድ ባልዲ ነው፤ ያም መተኮሻዋ ጠጥቶ የተረፈው። ስለዚህ ጀሪካኖቼን ይዤ ሰፈሩን ዞርኩ።

እስቲ አስቡት። በር ታንኳኳና ይቅርታ፣ ከክሊማችሁ የሚንጠባጠበውን ውሃ ልውሰድ ትላለህ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ባለቤት አሞታል ብሎ ሻይ አዘዘልኝ። ከወደብ ዕቃ የሚያስወጣ አንድ ቢሮ ነበር፤ ስድስት ክሊም አለው፣ ስድስቱም እግረኛ መንገድ ላይ ያንጠባጥባሉ። ዘበኛው ምን ልታደርግበት ነው አለኝ። መኪና ላጥብ አልኩት። ለመታጠቢያ ቧንቧ አለ አለኝ። ቧንቧው ጨው ነው አልኩት። እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኬን በእሱ ስታጠብ ነው የኖርኩት፣ እኔ ዝጌያለሁ? አለኝ። ትንሽ አልኩት። ሳቀና ጀሪካኖቼን ከሥር አሰለፈልኝ። ማታ ሲሄድ ለተረኛው አስረክቦት ነው የሚሄደው፤ ጠዋት ስመጣ ሞልተው ይጠብቁኛል።

የሙቀቱ ወር ነበርና ክሊሞቹ እንደ ምንጭ ያፈሱ ነበር። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ከተማው በሙሉ በሙቀት ይቃጠላል፣ እኔ ግን በውሃዬ ነው የምቃጠለው። ሰው ስለ ራሱ ሙቀት ሲያማርር እኔ ክሊሙ ቆመ፣ ጠብታው ቆመ እያልኩ ስጨነቅ አዩኝ። ቀስ በቀስ ወሬው ተዛመተ። ሐጂን የማያውቅ የለማ፤ ግማሹ ሰፈር በታክሲያቸው ወልዷል፣ ግማሹ ሐኪም ቤት ሄዷል። የሐጂ ታክሲ ልትወድቅ ነው ሲባል ሰው ራሱ ውሃ ማምጣት ጀመረ። በድስት አመጡ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጡ። አንዷ አሮጊት በቡና ጀበና አመጡልኝ፤ በምስጋና ተቀበልኩና በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት። እኔ ዘንድ ሰው በነፃ ነገር ይዞ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነው።

በርሜሉ ሞላ። ታክሲዋን አነሳናት። በዚያ ውሃ ሆዷን፣ ከፓራፋንጎዎቿ ሥር ያለውን ጎድጓዳ፣ የበሮቿን ታች፣ ጭቃ የሚደበቅበትን ሁሉ ቀስ ብዬ አጠብኩ። የሚወርደውን ውሃ በየጊዜው እቀምስ ነበር። መጀመሪያ ጨው ነው። ሁለተኛም ጨው ነው። በአምስተኛው ጊዜ ምንም የለውም፤ ውሃ ውሃ ይላል። ሐጂም ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ቀን በደረቁ ነፋስ እንዲመታት ተውናት። ከዚያ ሬንጅ አልነካኋትም። ዝገት የሚከላከል ቀለም፣ በላዩ ስስ ግራሶ ብቻ፤ ዝገት ቢጀምር ወዲያው እንዲታይ። የላይኛውን ቀለም በዚያው ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሰም ወለወልኩት።

የምርመራው ቀን ከሐጂ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። መንገድ ላይ እኔ እንኳን አላወራሁም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ያው መርማሪ ነው፣ ያው ካቻቢቴ። ሥር ገባ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ብረት በብረት ሲነካ ያለው ድምፅ ነው፤ ከዚያ የሚጣፍጥ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሐጂ መሪውን ይዘው እንዳሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። መርማሪው ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ ማን ነው የሠራት ብሎ በሱማልኛ ጠየቀ።

እኔ ደረቴን ነፋሁ። ሐጂ በጣታቸው አሳዩት።

"ያበላሻት ይሄ ነው" አሉ። "ያዳናትም ይሄው ነው።"

መርማሪው ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታልን።

ስንመለስ ሐጂ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ከመንገድ አነሱ፤ እኔን ከፊት ወንበር አስወርደው። ቅር አላለኝም። ወደብ የሚሄድ ሠራተኛ ነበር፤ ታክሲዋ ስትሄድ ከጀርባዋ ቆሜ ሥሯን ጎንበስ ብዬ አየሁ። አላህንም፣ እግዜርንም፣ ያን ዘበኛም፣ እህት ዓለምንም አመሰገንኩ፤ በቅደም ተከተል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ታክሲዋ በየዓመቱ አለፈች። ሐጂ ከዓመታት በኋላ ቁልፉን ሲያስቀምጡ ዓይናቸው ደክሞ በገዛ ፈቃዳቸው ነው እንጂ እሷ ከድታቸው አይደለም። ለወንድማቸው ልጅ ሰጧት፤ አሁንም ትሠራለች። እሳቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፣ አዎ፣ ግን ታክሲዋ ስታልፍ ጡሩምባ ትነፋላቸዋለች።

አላመናችሁም? መንገዱ ክፍት ነው፣ ኑ። ቡላኦስ ከገበያው ጀርባ ልብስ ተኳሿን ጠይቋት። ስድስት ክሊም ያለውን ቢሮ ዘበኛ ጠይቁት። ካርቲዬ ሁለት ሂዱና ራሳቸውን ሐጂን ጠይቋቸው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ሐጂ የሚጀምሩት ካበላሸሁት ነው፣ ያን ደግሞ ያስረዝሙታል። እባካችሁ ሻይ አዝዛችሁ እስከ መጨረሻው ስሟቸው።